ስንለያይ ቤቱ የማን ይሆናል? ስሙስ እንዴት ይዛወራል?

 

ይህን ትምህርት ለመጻፍ ያነሳሳኝ ባለፈው እሑድ ሻይ ስንጠጣ የሰማሁት ነገር ነው። አንዷ እህታችን ባሏ ሌላ ሴት ቤት እንዳስገባ ሰምታ ታለቅሳለች። አጠገቧ ያሉት ደግሞ «ካርታው በስሙ ከሆነማ አለቀ፣ በቃ እርሺው» ይሏታል። እኔም በጊዜው ልክ እንደዚህ ተብዬ ነበር። አላለቀም። እኔ የሕግ ሰው አይደለሁም፣ ትምህርቴም አሥራ ሁለተኛ ክፍል ላይ የቆመ ነው። ግን ከግንቦት 2015 እስከ መስከረም 2018 ድረስ ሁለት ዓመት ከአራት ወር ከዚህ ጉዳይ ጋር ስታገል ሕጉን አንብቤ፣ ጠበቃ ጠይቄ፣ ተሳስቼም ተምሬያለሁ። የተማርኩትን ላካፍላችሁ።

ከራሴ ልጀምር። ያገባሁት በ2009 ድሬዳዋ ነው፣ ሃያ ዓመቴ ነበር። በዓመቱ ወደ ቤይሩት መጣሁ። ከደመወዜ እየላክሁ፣ እሱም በሹፌርነት ከሚያገኘው እየጨመረ፣ ከአጎቱም ትንሽ ተበድረን፣ በ2014 ሳቢያን ውስጥ ሁለት ክፍል ቤት ገዛን። እኔ እዚህ ስለሆንኩ ካርታው በሱ ስም ወጣ። ምንም አልመሰለኝም። ባልና ሚስት አይደለን!

ከዚያ በፊት ደግሞ ሌላ ስህተት ሠርቼ ነበር። «ለሁሉም ጉዳይ እንዲሆንሽ» ተብዬ ቆንስላ ሄጄ ለሱ ውክልና ሰጥቻለሁ። ወረቀቱን ያዘጋጀልኝ ሰው ከሌላ ሰው ውክልና ላይ የገለበጠው ነበር። እኔም ማዳም ውጭ ቆማ ስለምትጠብቀኝ ሳላነብ ፈረምኩ። ውስጡ «ለመሸጥ፣ ለመለወጥ፣ በስጦታ ለመስጠት፣ በዋስትና ለማስያዝ» ይላል። ያነበብኩት ከዓመታት በኋላ ነው።

ግንቦት 2015 ላይ አንዲት የሳቢያን ጎረቤቴ ደወለችልኝ። «አንቺ ልጅ፣ ቤቱን እየሸጣችሁት ነው እንዴ? ደላላው በቀን ሁለቴ ሰው ያመጣል» አለችኝ። ስልኩን ይዤ ኩሽና ውስጥ ቁጭ አልኩ። እንደዚያ ቀን ፈርቼ አላውቅም።

አሁን ወደ ሕጉ እንግባ። የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ አዋጅ ቁጥር 213/1992 ይባላል። የሚሠራው በአዲስ አበባና በድሬዳዋ ነው። አማራ፣ ኦሮሚያ፣ ትግራይና ሌሎች ክልሎች የየራሳቸው የቤተሰብ ሕግ ስላላቸው የክልል ልጆች የአንቀጽ ቁጥሩን ከየራሳችሁ ሕግ ማየት አለባችሁ። እኔ የማውቀውን የፌዴራሉን ነው የምነግራችሁ።

ሕጉ ንብረትን ሁለት ቦታ ይከፍለዋል፤ የግልና የጋራ። የግል የሚባለው ስትጋቢ በእጅሽ የነበረው፣ ከተጋባሽ በኋላም በውርስ ወይም በስጦታ ያገኘሽው ነው (አንቀጽ 57)። ሌላው፣ ማለት ሁለታችሁም ሠርታችሁ የምታገኙት ገቢ በሙሉ፣ የጋራ ነው (አንቀጽ 62)። ከዚህ ቀጥሎ ያለውን ግን በስክሪፕቶ አስምሩበት። አንቀጽ 63 በአንዳችሁ ስም ብቻ የተመዘገበ ንብረት ቢሆንም የጋራ ነው ተብሎ ይገመታል ይላል። የግሌ ነው የሚለው ሰው ነው ማስረዳት ያለበት። አንቺ አይደለሽም ማስረጃ ፍለጋ የምትሮጪው፣ እሱ ነው። የኔ የቀድሞ ባለቤት «ገንዘቡ ከአባቴ በስጦታ ያገኘሁት ነው» ብሎ ነበር። አስረዳ ሲባል አንድ ወረቀት፣ አንድ ምስክር እንኳ አላመጣም።

ቤት ደግሞ ብቻውን አይሸጥም። የጋራ የሆነ ቤት ለመሸጥ፣ ለመለወጥ፣ ለማከራየት ወይም በመያዣ ለማስያዝ የሁለታችሁም ስምምነት ያስፈልጋል (አንቀጽ 68)። ሳታውቂ ከሸጠው ፍርድ ቤት ሽያጩን እንዲያፈርሰው መጠየቅ ትችያለሽ (አንቀጽ 69)። ጊዜ ግን አለው፤ ካወቅሽበት ቀን ጀምሮ ስድስት ወር፣ ባታውቂም ውሉ ከተደረገ ሁለት ዓመት። እኛ ሰው አገር የምንኖር ስድስት ወር እንዴት እንደሚያልፍ እናውቃለን። ስለዚህ ሰምታችሁ «ኮንትራቴን ልጨርስና» ማለት የለም።

ታዲያ እኔ ምን አስፈራኝ? ያ ውክልና ነዋ! «ሚስትህ ትስማማ» ሲባል በኔ ውክልና እኔን ሆኖ ሊፈርም ይችላል። ጠበቃው በስልክ መጀመሪያ ያለኝ «ፍቺውን ተይው፣ ዛሬውኑ ውክልናውን ሻሪ» ነው። ውክልና የሰጠ ሰው በፈለገ ጊዜ መሻር ይችላል። የሻረበትን ምክንያት እንዲናገርም አይገደድም።

መሻሩ በወሬ አይሆንም። «ሽሬብሃለሁ» ብሎ በስልክ መሳደብ ዋጋ የለውም። ቆንስላ ሄደሽ የመሻሪያ ሰነድ ትፈርሚያለሽ። ሰነዱ አገር ቤት ይላካል፣ ውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ይረጋገጣል፣ ከዚያ ውልና ማስረጃ ይገባል። ለተወካዩም እንዲደርሰው ይደረጋል። እኔ በተጨማሪ ቅጂውን ለመሬት አስተዳደር በወንድሜ በኩል አስገባሁ። ቆንስላ በሥራ ቀን ነው የሚሠራው፣ እኛ ደግሞ ዕረፍታችን እሑድ ነው። ፓስፖርቴም ማዳም ቁምሳጥን ውስጥ ነበር። ሦስት ቀን ለመንኳት። በመጨረሻ «ባለቤቴ ቤቴን ሊሸጥብኝ ነው» ብዬ እውነቱን ስነግራት እሷ ራሷ በመኪና ወሰደችኝ። ለካ እህቷ ላይ እንደዚሁ ደርሶ ኖሯል። ሁሉም ማዳም እንደዚህ አይደለችም፣ አውቃለሁ።

በዚያው ቀን ለወንድሜ አዲስ ውክልና ሰጠሁ። አሁን ግን እያንዳንዷን ቃል አንብቤ። በሕጉ «ጉዳዬን ሁሉ እንዲሠራልኝ» ብቻ ተብሎ የተሰጠ ጠቅላላ ውክልና ማስተዳደር ብቻ ነው የሚፈቅደው። ቤት ለመሸጥ፣ ለማስያዝ ወይም ፍርድ ቤት ለመክሰስ በግልጽ መጻፍ አለበት። እኔ ያስጻፍኩት «እንዲከስ፣ እንዲከራከር፣ መልስ እንዲሰጥ፣ ግብር እንዲከፍል፣ ስም እንዲያዛውር፣ ካርታ እንዲረከብ» የሚል ነው። በመጨረሻም «መሸጥን፣ መለወጥን፣ በስጦታ መስጠትንና በዋስትና ማስያዝን አይጨምርም» አስባልኩ። ወንድሜ ትንሽ ቅር አለው። «እኔንም አታምኚኝም?» አለኝ። «አምንሃለሁ፣ ግን አንድ ጊዜ ተቃጥያለሁ» አልኩት። ዝም አለ። ለችሎት የምትወክሉት የቅርብ ሥጋ ዘመድ ወይም ፈቃድ ያለው ጠበቃ ይሁን፤ የሠፈር ጉዳይ አስፈጻሚ ነኝ ባይ አይሁን።

ጥቅምት 2016 ላይ የሁለት ወር ፈቃድ አግኝቼ ገባሁ። የፍቺ ማመልከቻዬን ከማስገባቴ ጋር ቤቱ እንዳይሸጥ፣ እንዳይለወጥ፣ ለሌላ እንዳይተላለፍ እግድ ጠየቅሁ። ፍርድ ቤቱ ለመሬት አስተዳደሩ የእግድ ደብዳቤ ጻፈ። እኔም ደብዳቤው ወጥቷል ብዬ አልተቀመጥኩም። ወንድሜ ይዞት ሄዶ ፋይሉ ውስጥ መግባቱን በዓይኑ አይቶ፣ የገቢ ቁጥሩን ጽፎ መጣ። እግድ ወጥቶ ደብዳቤው ሳይደርስ ቤት ተሸጠ ሲባል ሰምተናል።

እሱም እግዱን ሲያይ ሐሳቡን ቀየረና በስምምነት እንፋታ አለ። ዳኛዋ ለየብቻ አነጋገሩን። በስምምነት ፍቺ ላይ ፍርድ ቤቱ እንድታስቡበት እስከ ሦስት ወር ጊዜ ሊሰጥ ይችላል። ለእኛ ተለያይተን የቆየን መሆኑን ስላዩ አልሰጡንም፣ ኅዳር ላይ ፍቺው ጸደቀ። በንብረቱ ግን አልተስማማንም ነበርና ክርክሩ ለወንድሜ ቀርቶ እኔ ወደ ቤይሩት ተመለስኩ። (ልጅ የለንም። ልጅ ያላቸው እህቶች አሳዳጊነትና ቀለብ አብሮ ስለሚታይ ለሱ ብቻ የሚሆን ሌላ ትምህርት ያስፈልገናል።)

እዚህ ላይ የሚያናድድ ነገር ልንገራችሁ። እኔ ልቤ የሚያውቀው ቤቱ የተገዛው በአብዛኛው በኔ ደመወዝ መሆኑን ነው። የሰው ሽንት ቤት አጥቤ፣ የሰው ሽማግሌ አገላብጬ ያመጣሁት ነው። የላክሁበትን ደረሰኝ ሁሉ በላስቲክ አስሬ ይዤ ሄጄ ነበር። ጠበቃው አይቶ «እታለም፣ ደረሰኙ ጥሩ ነው፣ ቤቱ ከአባቱ አለመምጣቱን ያሳይልናል። ግን ድርሻሽን ከግማሽ አያስበልጠውም» አለኝ። ለምን? የኔ ደመወዝም የጋራ ገቢ ስለሆነ። የሱ የሹፌርነት ደመወዝም እንደዚያው የጋራ ነው። ማን የበለጠ አመጣ ተብሎ አይመዘንም፣ የጋራ ንብረት እኩል ይካፈላል (አንቀጽ 90)። ያን ማታ አልተኛሁም። ግን በኋላ ሳስበው ይኸው ሕግ ነው ምንም ደመወዝ ሳይኖራት ቤት ውስጥ ልጅ ያሳደገችውን እናቴን የሚጠብቃት። እሱ ሳያሳውቀኝ በ2013 የገዛው ባጃጅም በዚሁ ሕግ ወደ ጋራው ገባ። «የኔ ላብ ነው» ብሎ ጮኸ። እኔም «የኔም ላብ ነበር» አልኩ፣ በስልክ።

ክፍያው እንዴት እንደሚሰላ በምሳሌ ላሳያችሁ። የኔን ቁጥር ልተወውና በክብ ቁጥር እንየው። ፍርድ ቤቱ ያዘዘው መሐንዲስ ቤቱን 1,200,000 ብር ገመተው እንበል። ባጃጁ 250,000 ብር። ለቤቱ መግዣ የተበደራችሁት ያልተከፈለ ዕዳ 50,000 ብር። ለትዳሩ ጥቅም የመጣ ዕዳ ከጋራው ስለሚከፈል ይቀነሳል። 1,450,000 ሲደመር፣ 50,000 ሲቀነስ 1,400,000 ይሆናል። ለየአንዳንዳችሁ 700,000 ብር። አንቺ ቤቱን ወስደሽ ዕዳውንም ልክፈል ካልሽ በእጅሽ 1,150,000 አለ። እሱ ባጃጁን 250,000 ይዟል። ስለዚህ 450,000 ብር ትጨምሪለታለሽ፣ ሁለታችሁም 700,000 ላይ ትቆማላችሁ። ንብረቱ በዓይነት ይከፈላል፣ የጎደለው በገንዘብ ይሞላል ማለት ይህ ነው። ማንኛችሁም ሌላውን መክፈል ካልቻላችሁ ይሸጥና ገንዘቡ ይከፈላል፣ በአሻሻጡ ካልተስማማችሁ በጨረታ። ጨረታ ደግሞ ለማንም አይጠቅምም፣ ቤቱ ከዋጋው በታች ሊሄድ ይችላል። ይህን ስነግረው ነው ባለቤቴም ለስምምነት የለዘበው።

ሰኔ 2016 ስምምነቱ በጽሑፍ ሆኖ በፍርድ ቤት ጸደቀ። ቤቱ ለኔ፣ ባጃጁ ለሱ፣ የቀረውን በሁለት ጊዜ ልከፍል። የመጀመሪያውን በእሑድ እቁባችን ከፈልኩ፤ ተራዋን የለቀቀችልኝን እህት እግዚአብሔር ይስጣት። ያን ጊዜ በሐምሌ የብር ምንዛሪ ለገበያ ሲለቀቅ የያዝኳት ዶላር በብር በጣም ጨመረች፣ እሷም ረዳችኝ። ሁለተኛውን ጥቅምት 2017 መክፈል ነበረብኝ። በዚያ ወቅት እዚህ ቦምብ ሲወርድ የነበረውን ታውቃላችሁ፣ ማዳምም ወደ ተራራ ወጣች፣ ደመወዝ ቆመ። እስከ ጥር ዘገየሁ። ወንድሜ ቀድሞ ለፍርድ ቤቱ አመልክቶ ባያስረዝምልኝ ስምምነቱ ራሱ ችግር ላይ ይወድቅ ነበር። ገንዘቡንም በእጅ አልሰጠንም። በባንክ ገባ፣ «ለንብረት ክፍፍል» ተብሎ ተጻፈበት፣ ደረሰኙ ፋይል ውስጥ ገባ።

ብዙ ሰው እዚህ ይቆማል። «ፈረዱልኝ» ብሎ ወረቀቱን ሣጥን ውስጥ ይከታል። ፍርድ ግን ስም አያዛውርም! የቤት ባለቤትነት የሚተላለፈው በመዝገብ ሲገባ ነው። ካርታው በሱ ስም እስካለ ድረስ ፋይሉን የሚያይ ሰው ባለቤት የሚለው እሱን ነው። ወንድሜ የፍርዱን ቅጂ በማኅተም አስወጣ፤ ፍርድ ቤቱ ለመሬት አስተዳደር ስሙ እንዲዛወር ደብዳቤ ጻፈ። ዋናው ካርታ፣ የዓመቱ የግብር ደረሰኝ፣ የኔ መታወቂያ፣ ጉርድ ፎቶና ውክልናው ተያይዞ ገባ። ያልተከፈለ የሦስት ዓመት ግብር ወጣብን፣ ከፈልን። ካርታውን እሱ «ጠፍቶኛል» ብሎ ነበር። በፍርድ ቤት አምጣ ሲባል ተገኘ።

ከዚያ ባለሙያ መጥቶ ቦታውን ሲለካ በጓሮ የሠራነው ኩሽና ከካርታው ወሰን አልፎ ተገኘ። ጥፋቱ የኛ ነው፣ ሳናስፈቅድ ነው የሠራነው። ያን ግድግዳ አፍርሰን እስክናስጠጋው ድረስ ሌላ አራት ወር። እህቶቼ፣ «ትንሽ ናት፣ ምን ችግር አለው» እያላችሁ ከወሰን ውጭ የምታሠሩ ልብ በሉ። መስከረም 2018 ላይ ካርታው በኔ ስም ወጣ። እግዱም እንዲነሳ ወንድሜ አስጻፈ፤ እሱን ብንረሳው የራሴው እግድ እኔኑ ያስረኝ ነበር። ፍቺውንም በወሳኝ ኩነት አስመዝግቤ የምስክር ወረቀት አወጣሁ። ነገ ቤቱን ልሽጥ ብል «ያገባሽ ነሽ ወይስ ያላገባሽ?» ይሉኛልና።

በጥያቄ ያስቸገራችሁኝ ነገሮች ስላሉ እነሱንም ልመልስ።

«ተለያይተናል፣ አራት ዓመት ሆኖናል፣ ያ ፍቺ አይደለም ወይ?» ላለችኝ። በሕጉ ጋብቻ የሚፈርሰው በሞት ወይም የመጥፋት ውሳኔ ሲሰጥ፣ ሕጉን ጥሶ የተፈጸመ ሆኖ ፍርድ ቤት ሲያፈርሰው፣ ወይም በፍቺ ነው። መለያየት የሚል የለበትም። እውነት ነው፣ ለብዙ ዓመት ተለያይተው ሌላ ኑሮ የመሠረቱ ሰዎችን ጋብቻ ፈርሷል ብሎ ሰበር ችሎት የወሰነባቸው ጉዳዮች አሉ። ግን በዚያ አትመኪ። አሁን ከዚህ ልከሽ የምትገዢውም መሬት «የጋራ ነው» ሊባል ይችላል። እሱን ጥለሽ የሄድሽ ቢመስልሽም ሕጉ አልጣለሽም። መጀመሪያ ፍቺውን ጨርሺ፣ ቤቱን ከዚያ ግዢ።

«እኛ ፊርማ የለንም፣ በሽማግሌ ነው የተጋባነው» ላላችሁ። በሃይማኖትና በባህል የተፈጸመ ጋብቻም ጋብቻ ነው፣ ውጤቱም አንድ ነው። ምንም ሳይጋቡ እንደ ባልና ሚስት ከሦስት ዓመት ያላነሰ አብረው የኖሩም በዚያ ጊዜ ያፈሩት የጋራቸው ነው (አንቀጽ 102)።

«ከማግባቴ በፊት ዱባይ ሠርቼ ያጠራቀምኩት ነበር» ላልሽው። እሱ የግልሽ ነው። ግን ካገባሽ በኋላ በዚያ ገንዘብ ቤት ከገዛሽ የግል እንዲባልልሽ ፍርድ ቤት መጠየቅና ገንዘቡ ከየት እንደመጣ ማስረዳት አለብሽ። የባንክ ደብተርሽን አትጣይ።

የገጠር መሬት ላይ ላሉት፣ መሬት አይሸጥም አይለወጥም፤ የሚካፈለው የመጠቀም መብቱ ነው። በአማራ ክልል ደብተሩ ላይ የባልና የሚስት ስምና ፎቶ አብሮ ይገባል። ፎቶሽ መኖሩን አገር ስትገቢ ገልጠሽ እዪ።

«ባሌን ስለማላምነው በወንድሜ ስም ገዛሁት» ያላችሁኝ ደግሞ ሦስት ናችሁ። በፍትሐ ብሔር ሕጉ ካርታው የወጣለት ሰው ባለቤት ነው ተብሎ ይገመታል። ወንድምሽ ያገባል፣ ይወልዳል፣ ይሞታል። ያን ጊዜ የምትከራከሪው ከሚስቱና ከልጆቹ ጋር ነው። ያኔ የቤተሰብ ሕጉ አንቀጽ 63 አያግዝሽም፣ አንቺ ሚስቱ አይደለሽምና።

ባለፈው እሑድ ያለቀሰችው እህታችን ከማዳሟ የፊታችን ማክሰኞ ጠዋት ፈቃድ አግኝታለች። ውክልናዋን ልትሽር ቆንስላ ትሄዳለች፤ እኔም ከደውራ ታክሲ አብሬያት እይዛለሁ። በዚያ ቀን መውጣት የምትችሉና ተመሳሳይ ጉዳይ ያላችሁ ካላችሁ የፓስፖርታችሁን ኮፒና የድሮውን ውክልና ቅጂ ይዛችሁ በሁለት ሰዓት ተኩል ደውራ አደባባይ ኑ። ቅጂው ከሌላችሁ ቢያንስ የተሰጠበትን ቀንና ቁጥር አገር ቤት ደውላችሁ አስነብቡና ጽፋችሁ አምጡ።